የታመመው ገመድ

ሮቤል መድረኩ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ጊታሩ ደረቱ ላይ ነው። ቀኝ ክንዱ ወደ ሕዝቡ እንደተዘረጋ ቀርቷል፤ ከጣቶቹ ትንሽ ራቅ ብሎ ማይኩ ወድቋል። ለሚያየው ሰው አሁንም «በሉ አብራችሁኝ» የሚል ይመስል ነበር። አብሮት የሚል ግን አልነበረም። ከሁለት ሰዓት በፊት አምስት መቶ ሰው በጨፈረበት አዳራሽ የቀሩት የተገለበጡ ወንበሮች፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ እና ግድግዳውን ተደግፈው ተራርቀው የተቀመጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ።

ኢንስፔክተር ንግሥት ከወልድያ ተጠርታ፣ ሲሪንቃን አልፋ መርሳ ስትደርስ ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። አዳራሹ ዱሮ የእህል መጋዘን የነበረ፣ መስኮት የሌለው ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ ሳጅን ደጀን ተቀበላት።

«ብዙ አትደክሚም፤ አደጋ ነው» አላት። «ኤሌክትሪክ ነው የያዘው። ሰውየውም ተይዟል።»

«አደጋ ከሆነ የሚያዘው ማነው?»

«አደጋውን ያደረሰው ነዋ። ሚስባህ ይባላል፤ የባንዱን መብራትና ድምፅ የሚሠራው እርሱ ነው። ገና ሳንጠይቀው ‹እኔ ነኝ የገደልሁት› አለ። ቃሉን ሰጥቷል። ሰኞ በአራት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ሳይጠየቅ የሚያምን ሰው ሁለት ዓይነት ነው» አለች ንግሥት።

«ምንና ምን?»

«እርሱን ነው የምናጣራው።»

መድረኩ ላይ ወጣች። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ኃይሉን አቋርጦ ጨርሷል። ነገሩን በአጭሩ አስረዳት። የሮቤል ጊታር ማጉያ የተሰካበት ገመድ ውስጡ ተበላሽቶ፣ ኃይሉ ወደ ጊታሩ ክሮች ያልፍ ነበር። ጫማው ወፍራም ላስቲክ ስለሆነ፣ መድረኩም እንጨት ስለሆነ፣ ጊታሩን ብቻ ይዞ ቢውል ምንም አይሰማውም። የማይኩን ብረት በእጁ የጨበጠ ጊዜ ግን አለቀለት።

«ሲዘፍንበት ቆይቶ የለ እንዴ?»

«ሲዘፍን ሁለቱም እጆቹ ጊታሩ ላይ ናቸው። ከንፈሩም ቢነካ ማይኩ ራስ ላይ ስፖንጅ አለ።»

ንግሥት ተንበርክካ ገመዱን አየችው። ጥቁር፣ ረጅም ገመድ ነው። ጫፍና ጫፉ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፤ ወገቡ ላይ ግን ሁለት ሦስት ቦታ ተቆልምሟል፤ እንደ ተሠራ ሹሩባ ተፈትቶም ቅርጹን አልለቀቀም።

«ይሄ ወገቡን ምን ሆኖ ነው?»

«ገመድ አይደል? ይጣመማል» አለ ደጀን።

«ሌሎቹ ስምንቱ አልተጣመሙም።»

ደጀን ቆጠራቸው። ስምንት ነበሩ። 

* * *

ባንዱ «ጥቁር ውኃ» ይባላል፤ ስሙን የወሰደው ከወልድያው ወንዝ ነው። ሰዎቹ አምስት ናቸው። ሮቤል ዘፋኝና ጊታር መቺ ነበር። ቢኒያም ከበሮ ይመታል፤ ዮርዳኖስ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች፤ ስዩም ግጥም ይጽፋል፣ ፕሮግራምም ያዘጋጃል። አምስተኛው ሚስባህ ነው።

መጀመሪያ የተጠየቀው ቢኒያም ነበር። ሁለቱን የከበሮ ዘንጎች ከእጁ ሊያስቀምጣቸው አልቻለም፤ ጉልበቱን ቀስ እያለ ይመታል።

«ከሮቤል ጋር አትስማሙም ይባላል።»

«በሥራ ነው። ለእኔ ሮክ ማለት የሰውን ጆሮ ይዞ መጎተት ነው፤ ፋታ አይሰጥም። እርሱ ግን መሐል ላይ ሁሉንም ያስቆምና ከሰው ጋር ወሬ ይጀምራል። አሥር ደቂቃ ሙሉ ዱላ ይዤ እንደ ዘበኛ እቀመጣለሁ። ‹እኛ ሰውን መምታት የለብንም፣ ሰው ይምታን› ይለኝ ነበር።»

«ምን ማለቱ ነው?»

«‹ተቀበል› የሚለውን ማለቱ ነው። በመሰንቆ ቤት ሰው ተነስቶ ‹ተቀበል› ብሎ ግጥም ሲሰጥ፣ አዝማሪው ቃል በቃል ይቀበለው የለ? ያንን ወደ ሮክ አመጣው። መሣሪያውን ሁሉ ጸጥ ያደርጋል። መድረኩ ጫፍ ሄዶ ይንበረከካል። ሰውየው በባዶ አፉ ይነግረዋል፣ እርሱ ጆሮውን ይሰጣል። ከዚያ ተመልሶ ጊታሩን እየመታ አንድ ጊዜ ለብቻው ያዜመዋል። ሁለተኛው ላይ ማይኩን ከመቆሚያው ነቅሎ ወደ ሰው ያዞራል፤ አዳራሹ ሁሉ ይዘፍናል።» ዘንጎቹ ቆሙ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ እኔም ጸጉሬ ይቆም ነበር። አንድ ቀን አልነገርሁትም እንጂ።»

«የዛሬውን ስንኝ ታስታውሰዋለህ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ፤

የተከልሁትን ዛፍ እንግዳ ለቀመው፤
ለጠየቀኝ ስሰጥ፣ ስርቆት ምን ጠቀመው?

አንዴ አዜመው። ማይኩን ጨበጠ። በቃ።»

ንግሥት ሰው ሲናገር ዓይኗን የመጨፈን ልማድ አላት፤ ደጀን መጀመሪያ የሚያንቀላፋት ይመስለው ነበር። አሁን አንዱን ዓይኗን ገለጠች።

«ከዚያ በፊትስ የተለየ ነገር አልነበረም?»

«መብራት ሄደ፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ። ሚስባህ ጄኔሬተር ሊያስነሳ ወጣ። እኔም ለስላሳ ልጠጣ ወርጄ አዳራሹ ጥግ ካለችው ሻጭ ጋር ስሳሳቅ ቆየሁ፤ ጠይቂያት። መብራት ሲመጣ ተመለስሁ። ሌላ ምንም… ትልቁ ከበሮዬ ብቻ ጉንፋን ይዞት ጠበቀኝ። ድምፁ ታፈነ። ሙቀት ነው ብዬ ተውሁት።»

* * *

ዮርዳኖስ አላለቀሰችም። ዓይኗ ደርቆ ቀልቷል። እርሷና ሮቤል እስከ ፋሲካ ድረስ እጮኛሞች ነበሩ።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ተለያይተን ነበር። መጣላትና መለያየት አንድ አይደለም፤ የተጣላ ሰው አጠገብ ቆሞ ቤዝ አይመታም።»

«መብራት ሲጠፋ የት ነበርሽ?»

«መድረኩ ላይ ነበርሁ፤ በግራ በኩል። ሁለት ተማሪዎች ከታች በስልካቸው ያበሩልኝ ነበር፤ የጊታሬን ክር አጠብቅ ነበር። ከበሮው ጋ የሰው ጥላ ያየሁ መሰለኝ። ቢኒያም ነው አልሁ።»

«ቢኒያም ለስላሳ ሻጯ ጋ ነበር።»

«እንዲያ ከሆነ እንጃ።» ወደ ጊታሩ ሳጥን አየችና «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «የሮቤልን ደብተር አገኛችሁት? ሰማያዊ ልባስ አለው። ከጊታሩ ሳጥን አይለይም፤ አሁን የለም።»

«ምን አለበት ደብተሩ ውስጥ?»

«ሰው ነው ያለበት። ግጥም የሰጠው ሰው ሁሉ ስሙና አገሩ አለ፤ የሐራዋ ለይላ፣ የሲሪንቃው እገሌ። ‹የሰው ቃል ያለ ስሙ አይቀመጥም› ይል ነበር። ዛሬ ጠዋት ከስዩም ጋር አንድ ጥግ ይዘው ስለዚሁ ደብተር ሲያወሩ ነበር። ስቀርብ ዝም አሉ።»

* * *

ባለግጥሙ ስዩም አንገቱ ላይ ስስ ሻርፕ ጣል አድርጓል። አዳራሹ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ከሮቤል ፎቶ በታች «ግጥም፦ ስዩም» የሚለው በትልቁ ተጽፏል። የግጥም መድበሉ ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ በወሩ መጨረሻ ወልድያ ላይ ይመረቃል።

«ጥበብ አንድ ዓይኗን አጣች» አለ።

«አዝናለሁ። መብራት ከሄደ በኋላ የት ነበሩ?»

«ዋናው በር ላይ፣ ውጭ። ያለ ትኬት የሚገፋ ወጣት ነበር፤ እርሱን ስመልስ ቆየሁ። ጩኸቱን ስሰማ ነው የገባሁት።»

«ሮቤል ሲዘፍን ከውጭ ይሰማል?»

«መርሳ ሁሉ ይሰማል እንጂ። ስፒከሩ ነፍስ ያወጣል።»

«የመጨረሻውንም ሰምተውታላ።»

«‹ጎረቤት ለቀመው› የሚለውን? ሰምቻለሁ።» ሻርፑን አስተካከለ። «የባላገር ግጥም ነው። ቤቱ ይመታል፤ ጥልቀት ግን የለውም። ሮቤል የሰጡትን ሁሉ ይቀበል ነበር፤ ድካሙ እርሱ ነው።»

«ማን ሰጠው?»

«አንዲት አሮጊት ናቸው አሉ። እኔ አላየኋቸውም።»

ንግሥት ዓይኗን አልገለጠችም። «ደብተሩስ? ጠዋት ስለ ደብተር አውርታችኋል።»

«የዘፈኖቹን ተራ ነበር የምናወራው። ደብተር አላውቅም።»

* * *

ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ላይ አንዲት ወጣት ሴት የምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማለች። ከድጃ ትባላለች፤ የሚስባህ እኅት ናት። እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ ያሳደጋት እርሱ ነው።

«አልበላም አለ» አለቻት ለንግሥት። «ሰኞ ፍርድ ቤት አምናለሁ ይላል። ወንድሜ ዶሮ ማረድ የማይችል ሰው ነው፤ እንዲያው በአላህ፣ ምን ብሎ ነው የሚያምነው?»

«ሰኞ እስኪደርስ ነገ አለ» አለቻት ንግሥት። የምሳ ዕቃውን ተቀብላ ይዛው ገባች።

ሚስባህ መሬት መሬት ያያል።

«ብላና እናወራለን።»

«የሚበላ አፍ የለኝም። እኔ ነኝ የገደልሁት፤ ተናግሬያለሁ።»

«በምን ገደልኸው?»

«በገመዱ ነዋ። ያ ገመድ ታሞ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት እኔንም ነዝሮኛል። ያኔ ለሁሉም አስጠንቅቄያለሁ፤ ‹ይህ ከተሰካ፣ ጊታር ይዞ ማይክ የጨበጠ አበቃለት› ብያለሁ። አራቱም ሰምተዋል። ከዚያ ሳጥን ውስጥ ጣልሁት። ማቃጠል ሲገባኝ፣ ‹ልጠግነዋለሁ› ብዬ አኖርሁት።»

«ሌላ ሰው በስህተት እንዳይሰካው ምን አደረግህ?»

«ቋጠርሁት። የታመመ ገመድ ወገቡን እቋጥራለሁ፤ ልማዴ ነው። ቋጠሮ ያለበትን ማንም አይነካም።»

ንግሥት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ዛሬ ጠዋት አንተ የሰካኸው ገመድ ቋጠሮ ነበረው?»

«የለውም። ጤነኛ ነው የሰካሁት። ይመስለኛል። አሁንማ እጄንም አላምነው።»

«ሮቤል ከመብራቱ መጥፋት በፊት ማይኩን ወደ ሰው አዙሮ ነበር?»

«በሁለተኛው ዘፈን አዞረ።»

«በእጁ ጨብጦ?»

«በእጁ።» ሚስባህ ቀና አለ። «ምንም አልሆነም።»

«ቸልተኝነት መሐል ላይ ተነስቶ አይመጣም» አለች ንግሥት። «አሁን ብላ።»

የአዳራሹ ዘበኛ ጋሽ አበባው የሚስባህን ቃል ደገፉ። መብራት ከሄደ ጀምሮ እስከ ጩኸቱ ድረስ ሁለቱ ከመድረኩ በስተኋላ ባለችው ትንሽ በር ጄኔሬተሩ ጋ ነበሩ፤ ገመድ እየሳቡ ለማስነሳት ላብ በላብ ሆነዋል።

«በዚያች በር ማንም አልወጣም፤ ማንም አልገባም» አሉ። «ጄኔሬተሩ አፏ ላይ ነው የተቀመጠው። ልጁ ‹እንግዳ ለቀመው› ሲል ሰምቼ፣ ለሚስባህ ‹ይች የመርሳ ሰው ግጥም ናት› እያልሁት ነበር። ከአፌ ሳልጨርስ ጮኹ።»

«ዋናው በር ላይስ ማን ነበር?»

«መብራት ሲሄድ ትኬት ቆራጮቹ ገቡ፤ መዝጊያው ከውስጥ ተቀረቀረ። ውጭ የቀረ ካለ እንጃ። እኔ ከኋላ ነኝ፤ በምን አያለሁ?»

* * *

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንግሥትና ደጀን ግጥሙን የሰጡትን አሮጊት፣ እማማ ብዙነሽን፣ ፈልገው ከመርሳ ወጣ ብሎ ወዳለው የብርቱካን ማሳ ሄዱ። ደጀን ሌሊቱን ከተመልካቾች የተሰበሰበ ሠላሳ አንድ ቪዲዮ ሲያይ አድሮ ዓይኑ አብጧል።

«ግጥሙን በህልሜም ሰማሁት» አለ።

«ምን ይላል?»

«እንግዳ ለቀመው፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ።»

«የአሮጊቷ ድምፅስ?»

«እርሳቸው አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያሉ እንጂ አይሰሙም። ጭብጨባ ነው።»

እማማ ብዙነሽ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸውም እንደ ገላቸው ቀጭን ነው። ከአጥራቸው ማዶ መዝጊያው የተቆለፈ የቆርቆሮ ቤት አለ።

«ማን ይኖርበታል?» አለች ንግሥት።

«የጎረቤቴ ነበር፤ ነፍሷን ይማረውና አርፋለች። ልጇ ስዩም አንዳንዴ ይመጣል። ዱሮ እዚህች ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ‹እማማ ድገሚልኝ፣ ድገሚልኝ› ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት የምለውን ሁሉ እደግምለታለሁ። ልጅ ነው፣ ይወዳል ብዬ። ኋላ በሬድዮ ሰማሁት። ግጥሙ የእኔ፣ ስሙ የእርሱ። ይኸው ሁለት ዓመት ቃል አልተለዋወጥንም።»

«ሮቤል ያውቅ ነበር?»

«እርሱ መጥቶ ነው የጠየቀኝ። ‹ይህ የእርስዎ ነው ወይ?› አለኝ፤ ነገርሁት። ‹ቅዳሜ ይምጡና አዲስ ይስጡኝ፤ ከዚያ መድረክ ላይ አወጣዎታለሁ› አለኝ። ሄድሁ፤ ሰጠሁት።» ከንፈራቸውን መጠጡ። «አንድ ነገር ግን አስቀይሞኝ ነበር፤ አሁን ሞተ፣ ምን እላለሁ። ቃሌን ቀየረብኝ። ‹ጎረቤት› ብዬ ብሰጠው ‹እንግዳ› ብሎ ለሰው ሰጠው። በወጉ የተሰጠ ግጥም አይቀየርም፤ የአደራ ዕቃ ነው። ተከፍቼ ልወጣ ስነሳ ነው የወደቀው።»

ንግሥት ዓይኗን ገለጠች፤ ሁለቱንም።

«እርስዎ የት ነበሩ፣ እማማ?»

«ከመድረኩ ጎን፣ በቀኝ በኩል፣ መጋረጃው ሥር። ጆሮውን አስጠግቶ በባዶ አፌ ነው የነገርሁት። ከእርሱ ሌላ ማን ይሰማኛል ልጄ? ይኸው አንቺ እንኳ አንገትሽን አስግገሽ ነው የምትሰሚኝ።»

«ከዚያ በኋላ ለሰው ነግረውት ነበር?»

«ለማን? ያን ጊዜውኑ ቤቴ ገባሁ። ከትናንት ወዲህ አጥሬን ያለፈ ሰው እናንተ ናችሁ።»

* * *

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቢኒያም ከበሮው ኋላ ተቀመጠ፤ ሌላ የት እንደሚቀመጥ አላወቀም። ዮርዳኖስ መድረኩ ጫፍ ላይ፣ ስዩም ከፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ፣ ጋሽ አበባው በሩን ደገፍ ብለው፣ እማማ ብዙነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው። ሚስባህ በሁለት ፖሊስ መሐል ገባ፤ ከድጃ ከኋላው። ፍርድ ቤቱ ሊቀመጥ አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቶታል።

ንግሥት ጥቁሩን ገመድ ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ቅዳሜ ሳየው ወገቡ ላይ መቆልመሙ ነው የገረመኝ። ሚስባህ የታመመ ገመድ ይቋጥራል። ይህ ገመድ ሁለት ሳምንት ተቋጥሮ ከርሞ ተፈትቷል። ሳያይ በስህተት የሚሰካ ሰው ገመዱን እንዳለ ነው የሚሰካው። ቁጭ ብሎ ቋጠሮ የሚፈታ ሰው ግን የሚሠራውን ያውቃል። ስለዚህ አደጋ አይደለም።»

ገመዱን ለደጀን አቀበለችው።

«መቼ ተሰካ? ሮቤል በሁለተኛው ዘፈን ማይኩን ጨብጧል፤ ደኅና ነበር። በመጨረሻው ጨበጠ፤ ሞተ። በመካከሉ የሆነው መብራት መጥፋቱ ብቻ ነው። ገመዱ የተቀየረው በዚያ ጨለማ ነው። ያኔ ሚስባህ ከጋሽ አበባው ጋር ውጭ ነበር፤ እስከ መጨረሻውም አልተለየም።»

«አልተለየም» አሉ ጋሽ አበባው። «ለምስክርነት እጄን አነሳለሁ።»

«ይቀመጡ ጋሼ፤ ገና ነው።» ወደ ቢኒያም ዞረች። «ትልቁን ከበሮ ምታው።»

ቢኒያም መታ። ድምፁ እንደ ደረቅ ሳል ወጣ።

«ጉንፋኑ አለቀቀውም» አለ።

ከበሮው ፊት ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ደጀን እጁን እስከ ክርኑ ሰድዶ፣ ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር አወጣ። ዮርዳኖስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ከበሮው የታፈነው ሮቤል ከመሞቱ በፊት ነው። ገመዱን የቀየረው ሰው ደብተሩንም ከጊታሩ ሳጥን ወስዷል። ዮርዳኖስ አጠገብ የስልክ መብራት ሲበራ ይዞት እንዳይታይ እዚህ ወሸቀው። ቢኒያም ራሱ ቢሆን ከበሮው ታፈነ ብሎ አይነግረኝም ነበር፤ እርሱ ደግሞ ለስላሳ ሻጯ ጋ ነበር፤ ጠይቀናታል። ዮርዳኖስን ሁለቱ ተማሪዎች ሲያበሩላት ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።»

«እንዲያ ከሆነ እኔ ቀረሁ ማለት ነው?» አለ ስዩም ፈገግ ብሎ። «እኔ ውጭ ነበርሁ፣ በር ላይ።»

«በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። እርሱን ለጊዜው ልተወውና ውጭ ነበሩ እንበል። ከውጭ ምን ሰሙ?»

«ነግሬሻለሁ። ግጥሙን ሰማሁ።»

«እስኪ አሁንም ይበሉልኝ።»

«‹የተከልሁትን ዛፍ ጎረቤት ለቀመው…›»

ቢኒያም ዘንጉ ከእጁ ወደቀበት። ጋሽ አበባው «ምን?» አሉ። እማማ ብዙነሽ ቀስ ብለው ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ።

«ደጀን፣ ክፈተው» አለች ንግሥት።

ከስልኩ የሮቤል ድምፅ ወጣ። የአምስት መቶ ሰው ጸጥታ፣ አንዲት የጊታር ምት፣ ከዚያ፦ *እንግዳ ለቀመው።* ደጀን ሌላ ከፈተ። *እንግዳ ለቀመው።* ሦስተኛ። *እንግዳ።*

«መርሳ ሁሉ የሰማው ይህን ነው» አለች ንግሥት። «ጋሽ አበባው ከግድግዳ ኋላ ሆነው የሰሙት ይህን ነው። ‹ጎረቤት› የሚለው ቃል ስፒከር ውስጥ አልገባም። ከእማማ ብዙነሽ አፍ ወደ ሮቤል ጆሮ ብቻ ነው ያለፈው። ሌላ ሊሰማው የሚችል፣ ከመጋረጃው ኋላ ሦስት እርምጃ ላይ የቆመ ሰው ነው። ገመዱን ቀይሮ ሲጨርስ በኋላ በር ሊወጣ ፈለገ፤ ጄኔሬተሩ ዘጋው። መብራቱ መጣ፤ በመድረኩ በኩልም መውጣት አልቻለም። እዚያው ቆመ።»

ስዩም ስልኩን እንጂ እርሷን አያይም ነበር። ፈገግታው ፊቱ ላይ የቀረው ረስቶት ይመስላል።

«እንግዳ… ነው ያለው?» አለ።

«እንግዳ ነው ያለው።»

«እኔ እኮ… ጎረቤት ስትል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የለም። አሁን ስሜን ሊጠራ ነው ብዬ…»

አልጨረሰውም። ንግሥት የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገልጣ ለዮርዳኖስ ሰጠቻት። ዮርዳኖስ የምታውቀውን ጽሕፈት ቀስ ብላ አነበበች።

«‹ዛሬ የግጥሞቹን ባለቤቶች እጠራለሁ። የወሰደውን አልጠራም። ወዳጄ ነው፤ ራሱ ተነስቶ ቢናገር ይሻለዋል። እማማ ብዙነሽም ይቅር ይሉታል፤ ጠይቄያቸዋለሁ።›»

«ቃሌን የቀየረው ለዚህ ነው?» አሉ እማማ ብዙነሽ። ድምፃቸው ከቀድሞው ይበልጥ ቀጠነ። «አንተን ሊሸሽግ ነው? አንት ልጅ፣ መጥተህ ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር።»

ስዩም ሻርፑን ከአንገቱ ፈታ፤ አጠፈው፤ መልሶ ፈታው።

«መጽሐፉ ሊወጣ ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ስሜ ተጽፎበታል። ጠዋት ነገረኝ። ‹ራስህ ተናገር፤ አለዚያ ባለቤቶቹን እጠራለሁ› አለኝ። ምን ብዬ እናገራለሁ? የእኔ የሆነ አንድም ስንኝ የለኝም።»

«ስንኝ ቋጣሪ ይሉሃል» አለች ንግሥት፤ «እርስዎ» ማለቱን ትታ ነበር። «የቋጠርኸው የለም። በገዛ እጅህ የሠራኸው ይህን ቋጠሮ መፍታት ብቻ ነው።»

ሁለቱ ፖሊሶች ሚስባህን ለቀው ወደ ፊት ወንበር ሄዱ።

* * *

ሚስባህ የለቀቁት ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። ከድጃ እጁን ያዘችው።

«በል እንሂድ።»

«ባቃጥለው ኖሮ ግን…»

«ሚስባህ» አለች ንግሥት። «አንተ ቋጥረኸዋል። ያንተ ሥራ እዚያ ላይ አልቋል።»

አላመናትም፤ ፊቱ ይናገራል። እማማ ብዙነሽ በዝግታ መጥተው ፊቱ ቆሙ። ቁመታቸው ደረቱ ጋ ነው የሚደርሰው።

«አንተ ልጅ፣ ተቀበል።»

«እማማ፣ እኔ ዘፋኝ አይደለሁም። ገመድ ነው የምዘረጋ።»

«ዝፈን አልሁህ? ተቀበል ነው ያልሁህ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሮቤል ሁልጊዜ ጸጥ ሲያሰኘው እንደነበረው። ሚስባህ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጣቸው። አሮጊቷ በባዶ አፋቸው ነገሩት። ቀና ሲል ዓይኑ ሞልቶ ነበር። የወደቀው ማይክ አሁንም መሬት ላይ ነው፤ ማንም አላነሳውም። በገዛ ድምፁ፣ ከበሩ እንኳ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ ለቆሙት ሁሉ ሰጣቸው፤

የቋጠረስ ይግባ፣ የፈታው ይታሰር፤
ውኃ አይደበቅም ቢሄድ ከመሬት ሥር።

ንግሥት ጨፍና ስትሰማ የቆየችውን ዓይኗን ገልጣ እማማ ብዙነሽን አየች። አሮጊቷ ራሳቸውን ወደ ታች ነቀነቁ። ሚስባህ አንድም ቃል አልቀየረም።